የጭነት መኪናው ባትሪና የሬዲዮው ሸሪፍ

ኤሌክትሪክ ገና ባልገባበት በአሜሪካ የካንሳስ የስንዴ አገር፣ ላትሮፕ ኪንኬድ የተባሉ ገበሬ አንድ አርብ ጠዋት አልነሳ ያለ የጭነት መኪናቸውን ከፍተው ሲነካኩ፣ በዚያው ዓመት ከእርሻ ኮሌጅ የተመረቀው የወንድማቸው ልጅ መርል በመንገድ ሲያልፍ አይቷቸው ቆመ።

"ባትሪው ሞተ እንዴ፣ አጎቴ?"

"አክስትህ ገደለችው። በየምሽቱ ፈትታ ሬዲዮው ላይ ትሰካዋለች። አልበቃ ብሏት ሬዲዮውን ከስልኩ መናገሪያ ሥር ታስጠጋዋለች፤ አንዱን የስልክ መስመር የሚጋሩን ዘጠኝ ቤቶች ያን የድራማ ሕግ አስከባሪ፣ ሸሪፋቸውን፣ እንዲሰሙ። ነገ ሬዲዮውን ጨረታ ላይ አወጣዋለሁ።"

"እርስዎ ሰምተውት ያውቃሉ?"

"ከብት ስነዳ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ከብት ነጂ ሬዲዮ ያስተምረኝ? ተኩስና ጩኸት፣ የሌለ ሰው ወሬ።"

"የሌለ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። የምወደው ስለሚተኩስ አይደለም፤ መተኮስ እየቻለ ስለሚተው ነው።"

"አባትህ ኮሌጅ የላከህ ለዚህ ነው?"

መርል ሳቀ። "ባትሪው መድከሙን አልክድዎትም። በነፋስ የሚሠራ የባትሪ መሙያ ጣራ ላይ ብናቆም ግን መኪናው ይተርፋል። ዛሬ አንዴ ይስሙት። ካልወደዱት ተሸክሜ ጨረታው ድረስ የምወስደው እኔ ነኝ።"

አነጋገሩ ቅን ስለነበር ላትሮፕ እሺ አሉ። መኪናውን ገፍተው አስነሱት።

አመሻሽ ላይ መርል በራሱ መኪና መጣ፤ ሚስታቸው ሉኤላም ባትሪውን ሬዲዮው ላይ ሰክታ ከስልኩ ሥር አስጠጋችው። በድራማው ሸሪፍ ቶልቨር ፈረስ ሰርቋል የተባለ መንገደኛ አስሯል። ሕዝቡ እስረኛውን ሊሰቅል ገመድ ይዞ መጣ። ሸሪፉ ሽጉጡን ፈትቶ ምስማር ላይ ሰቀለና ባዶ እጁን በሩ ላይ ቆመ። የሕዝቡ እርምጃ ቀረበ፣ ቀረበ፤ ከዚያ የሬዲዮው ድምፅ ሟሸሸና ጠፋ።

ላትሮፕ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሡ። "የመኪናህን ባትሪ! መፍቻው የት አለ?"

"ሉኤላ፣ ገደሉት እንዴ?" አለ በስልኩ የጎረቤት ድምፅ።

እሳት ካልተነሳ በቀር ስልክ የማይነኩት ላትሮፕ ጎንበስ አሉ። "አልገደሉትም። ማንም እንዳይዘጋ፤ ባትሪ እየቀየርን ነው።"

የመርልን ባትሪ ሰክተው ደረሱበት። ሸሪፉ በሕዝቡ መካከል ያሉትን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ፣ ፈረሱ ሲሰረቅ በዓይኑ ያየ ማን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ያየ አንድም ሰው አልነበረም፤ ገመዱ መሬት ወደቀ።

ላትሮፕ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው፣ "ወጣት ሳለሁ" አሉ፣ "ድርቆሽ አቃጥሏል ብለን አንድ የአጨዳ ሠራተኛ በድንጋይ አባረርን። ያቃጠለው መብረቅ ነበር። እኔም ወርውሬአለሁ። እንደ ሸሪፉ በር ላይ የቆመለት አልነበረም።"

"ታዲያ ይሸጥ?" አለ መርል በቀስታ።

"ያ መሙያህ ስንት ቀን ይፈጃል?"

በሳምንቱ የነፋስ መሙያው ጣራው ላይ ይሽከረከር ነበር። መኪናው ጠዋት ጠዋት ሳይለመን ይነሳል፤ የበረዶ ማስጠንቀቂያና የስንዴ ዋጋ ለአሥሩም ቤት በጊዜ ይደርሳል። ከሁሉ በላይ ግን፣ በልብ ወለድ ውስጥ የሚኖር ሰው በእውነት የሚኖረውን ሰው ሊያርም እንደሚችል በዚያ ቤት አከራካሪነቱ ቀረ። በመከር ወራት አዲስ የአጨዳ ሠራተኞች ሲመጡ፣ ላትሮፕ በር ላይ ወጥተው እያንዳንዱን ስሙን ጠየቁት፤ ለእራትም ከራሳቸው ማዕድ አስቀመጡት።