ትኩስ ብርጭቆ የማያቃጥላቸው አባባ

ከስድስት ኪሎ በፒያሳ አድርጎ መርካቶ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ አጠገባቸው ላለች ለማያውቋት ሴት ያወራሉ።

«ፒያሳ ካፌ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ውድድር አለን። የትኩስ ማኪያቶ ብርጭቆ ጨብጦ ብዙ የቆየ ያሸንፋል። እኔ ተሸንፌ አላውቅም።»

«አያቃጥልዎትም አባባ?»

«ምንም አይሰማኝም። ክንዴ ላይ ይቺን ነጣ ያለች ቦታ በመርፌ ቢወጓት እንኳ ዝም ነው።»

«እኔንም እንዲሁ ነበር የጀመረኝ። ስመረመር የሥጋ ደዌ ነው አሉኝ።»

«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«በዘር አይደለም የሚመጣው። መድኃኒቱን ወስጄ ድኛለሁ። እርስዎም እጅዎ ሳይጎዳ ቶሎ ይታከሙ።»

«ከዳንኩማ በምን ላሸንፋቸው ነው?»

«በዳማ።»

«በዳማማ ሁሉም ይበልጡኛል።»

ረዳቱ «ምኒልክ አደባባይ ወራጅ አለ?» አለ።

«አለ» አሉ ሽማግሌው።

«የለም» አለች ሴትየዋ። «ጤና ጣቢያ ድረስ አብረን ነን።»

«ጓደኞቼ ፈርቶ ቀረ ይሉኛል እኮ።»

«ይበሉ።»

እኔም አደባባዩ ጋ ወራጅ ነበርኩ፤ ክንዴን በየቦታው ስቆነጥጥ አለፈኝ።