ቶሎ እንዳትጥለው

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ቦክሰኛና ግጥሚያ የሚያዘጋጅለት ሰው ተቀምጠው ያወራሉ።

«ቅዳሜ ቶሎ እንዳትጥለው፣ አደራ!» አለ አዘጋጁ።

«ጋሼ፣ ቦክስ እኮ ነው!»

«ባለፈው ገና በመጀመሪያው ዙር ዘረርከው። ሰዉ ‹ሳንቀመጥ አለቀ፣ የትኬታችንን መልሱ› ብሎ ጮኸ፤ መለስኩ። ቅዳሜም ካስመለሱኝ ቦክሱን ትቼ ወደ ጫሞ ሐይቅ ዓሣ ንግዴ እመለሳለሁ፤ አንተም ግጥሚያ የለህም።»

«እና አልምታው?»

«ምታው እንጂ! ብቻ እንዳይወድቅ።»

«እሱ ሲመታኝስ?»

«ቻለው።»

«እስከ ስንተኛው ዙር?»

«ሰዉ እስኪጠግብ።»

«ግራ ገባኝ እኮ፣ ጋሼ! መጥገቡን በምን አውቃለሁ?»

አዘጋጁ ወደ ኋላ ዞሮ እኛን ተሳፋሪዎቹን አየ።

ባለፈው «ገንዘቤን!» እያልኩ ከጎረምሶቹ ሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ጥርስ አልባው ሽማግሌ፣ ኮፍያዬን ዓይኔ ድረስ ሳብኩ።