የክሩ ፍርሃት

ወይዘሮ አፍሪዬ ኬንቴ የሚባለውን የቤተሰቡን ባለ ቀለም የክብር ልብስ በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ጎረቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲጣደፉ፣ ከሟች እህታቸው ልጅ ከኦዱሮ ጋር በር ላይ ተገጣጠሙ። ኦዱሮ እዚያው በሚኖሩባት የጋና ከተማ፣ በኩማሲ፣ ኮሌጅ ገብቶ የጨርቅ ሥራ የተማረ ነው። በሐር የተሸመነው ኬንቴ ላይ የዘንባባ ዘይት ፈሶበታል፤ ቅዳሜ ደግሞ የቤተሰቡ አዲስ አለቃ ሲሾም የሚለብሰው እሱን ነው። ቢበላሽ ወይዘሮ አፍሪዬ በምን ዓይናቸው ሰው ያያሉ?

«አክስቴ፣ ይህን ማሽን ውስጥ ሊከቱት ነው እንዴ! ደረቅ እጥበት ቤት ይስጡት እንጂ።»

«ዝም በል! የቤተሰብ ልብስ ለባዳ ይሰጣል? አንዲት ክር መዞ ጠንቋይ ዘንድ ቢወስድብኝስ? እናትህ ልብሷን ለሰፊ ሰጥታ በወሩ አልቀበርናትም?»

የተማረ ሰው በዚህ ጊዜ መሳቅ ይቀናዋል፤ ነውር ነው፤ ሴትዮዋ እህት ቀብረዋል። ኦዱሮ አልሳቀም። ነጭ መሐረቡን በውሃ አርሶ በኬንቴው ጠርዝ፣ ከውስጥ በኩል፣ ጫን አደረገው። መሐረቡ ቀልቶ ወጣ።

«ወይኔ ጉዴ!»

«አዩት? ቀለሙ ውሃ አይችልም። ማሽኑ ቢያገላብጠው ቀዩ ወርቃማውን ያበላሸዋል፣ ሐሩም ይኮማተራል። ደረቅ እጥበት ግን ያለ ውሃ በኬሚካል ስለሆነ ዘይቱን ለይቶ ያወጣል።»

«ክሩስ ልጄ? ክሩስ?»

«እዚያው ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፤ አብሬዎት ነኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እማዬን ምን ነበር ያመማት?»

«ትኩሳት። ብርድ ብርድ ይላት ነበር፣ ትቃዥ ነበር።»

«ሐኪም ቤት ማን ወሰዳት?»

ያን ሰሞን ዘመድ ሁሉ ልብስ ሰፊውን ሲያፋጥጥ፣ ቤቱን ሲበረብር ነበር የሰነበተው። ወይዘሮ አፍሪዬ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«ማንም» አሉ። «ሁላችንም ክር ፍለጋ ላይ ነበርን።»

ኬንቴውን ለደረቅ እጥበት ቤቱ ሰጡ፤ እየፈሩም ቢሆን ሰጡ፤ ታጥቦ እስኪያልቅም እዚያው ካለው አግዳሚ ወንበር ንቅንቅ አላሉም። ቅዳሜ አለቃው ሲለብሰው ዘይቱ የት እንደነበር የሚያውቁት እሳቸውና ኦዱሮ ብቻ ነበሩ።

ዛሬ የሰፈሩን ሴቶች የሚመክሩት ራሳቸው ናቸው። «አንሶላና የጥጥ ልብስ ለማሽን ስጡ፣ ጉልበታችሁም ያርፋል። ሐርና ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ ደረቅ እጥበት ይግባ፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሰው ያተኮሰው እንደሆነ ግን» ይላሉ፣ «ክሩን ማን ወሰደ አትበሉ። በሽተኛዋን አንሱ፣ ሩጡ።»