ወንጪ ቁልቁለት ላይ የቀሩት አባትና ልጅ

ወንጪ፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ ከተራራው አፋፍ ወደ ሐይቁ በሚያወርደው የጫካ መንገድ ላይ አቶ ዳምጠውና የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ናርዶስ ከቤተሰቡ ወደኋላ ቀርተው፣ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ አጠገብ ቆመዋል።

ዳምጠው፦ ፈረሱ ላይ ውጪ አልኩሽ እኮ! ስንት ጊዜ ልናገር?

ናርዶስ፦ የፈለግከውን ያህል ተናገር። አልወጣም።

ዳምጠው፦ አጎትሽ፣ ልጆቹ፣ እናትሽ፣ ሁሉም ሐይቁ ዳር ደርሰው ምሳ ዘርግተዋል። እኛ ገና ግማሹን እንኳ አልወረድንም። እናትሽ ምን ትለኛለች?

ናርዶስ፦ አንተን ምን ትልሃለች? የምትቆጣው እኔን ነው። ሁሌም እኔን ነው።

ዳምጠው፦ እንግዲህ ጀመራት! ለአንቺ ብዬ እኮ ነው። ባለፈረሱን ለምኜ፣ ከሁሉም ረጋ ያለውን መርጬ...

ናርዶስ፦ ማን ምረጥ አለህ? ሚልካና ወንድሞቿ ፊት "ለናርዶስ ፈረስ አምጡላት!" ብለህ ጮህክ። እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ እግሬን አየ።

ዳምጠው፦ ሚልካ የአጎትሽ ልጅ አይደለችም እንዴ? ከእሷ ምን ይደበቃል?

ናርዶስ፦ መደበቅማ አንተ ታውቅበታለህ።

ዳምጠው፦ ምን አልሽ?

ናርዶስ፦ ምንም። እየሄድኩ ነው።

ዳምጠው፦ ቁሚ! መንገዱ ያንሸራትታል። ማታ ዘንቧል፣ የዛፉ ሥር ሁሉ ከመሬት ወጥቷል። ሐኪሙ ያለሽን ረሳሽው?

ናርዶስ፦ ሐኪሙ ያለው "ብዙ ትራመድ" ነው። "በሰው ፊት እንደ ጆንያ ትጫን" አላለም።

ዳምጠው፦ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ!

ናርዶስ፦ ሳምንቱን ሙሉ "ቀላል መንገድ ነው፣ የቤተሰብ መንገድ ነው፣ ሕፃን ልጅ ይወርደዋል" ስትል አልነበረም?

ዳምጠው፦ ለጤነኛ ሰው ማለቴ ነው እንጂ...

ናርዶስ፦ አዎ። እንዲህ ብለህ ተናገራ።

ዳምጠው፦ ከአፌ አምልጦኝ ነው። እንደሱ ማለቴ አይደለም።

ናርዶስ፦ ለአጎቴም ከአፍህ አምልጦህ ነው? መኪናውን ስታቆሙ "ልጆቹ ተራራውን ዙሪያውን ቢዞሩት ደስ ይላቸው ነበር፤ ምን ይደረግ፣ ናርዶስ አለች" ስትለው ሰምቻለሁ።

ዳምጠው፦ ሰው የተናገረውን ሁሉ ስትለቅሚ ነው እንዴ የዋልሽው? ጠዋት ስንነሣ ደህና አልነበርሽም? መኪና ውስጥ ከሚልካ ጋር ስትዘፍኚ፣ ስትንጫጪ ነበር።

ናርዶስ፦ ሰበታ መግቢያ እስክንደርስ።

ዳምጠው፦ ሰበታ መግቢያ ደግሞ ምን ሆነ?

ናርዶስ፦ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሬዲዮኑን ለምን ጮክ አደረግከው?

ዳምጠው፦ ዘፈኑ ደስ ብሎኝ ነዋ።

ናርዶስ፦ ዜና ነበር፣ አባዬ።

ዳምጠው፦ ዜናም ቢሆን...

ናርዶስ፦ እማዬ አማተበች። ከዚያ ከፊት ወንበር ዞራ እኔን አየችኝ። አንተን አይደለም፤ እኔን!

ዳምጠው፦ ይሄ እኮ የቆየ ነገር ነው፣ የኔ ልጅ። እግዚአብሔር አተረፈን፣ አለፈ። ዛሬ እንዲህ ያለ ቀን ወጥቶልን... እስቲ ያንን ውኃ እዪው፣ በዛፎቹ መሀል። ሰማዩ መሬት ላይ የወረደ አይመስልም?

ናርዶስ፦ ውኃውን አይቼዋለሁ። ወሬውን አታስለውጠኝ።

ዳምጠው፦ ዝም በይ፣ ሰው እየመጣ ነው... እንደምን አደራችሁ! ደህና ናችሁ? አይ፣ ምንም አልሆንን፣ ልጄ ትንሽ ደክሟት እያረፍን ነው። መልካም መንገድ! በርቱ!... እሺ፣ አሁን ትወጫለሽ ወይስ አንሥቼ ላስቀምጥሽ?

ናርዶስ፦ አልደከመኝም! ለምን ደክሟት ነው ትላለህ?

ዳምጠው፦ ታዲያ ምን ልበላቸው?

ናርዶስ፦ "እየተጣላን ነው" በላቸው። አንድ ቀን እውነቱን ብትናገር ምን ትሆናለህ? ለሰው ሲሆን ደግሞ ድምፅህ እንዴት ነው የሚለሰልሰው!

ዳምጠው፦ አንቺ ልጅ፣ ልክሽን እወቂ! አባትሽ ነኝ!

ናርዶስ፦ ክንዴን ልቀቀኝ። ያመኛል።

ዳምጠው፦ ይቅርታ... ነካ ነው እኮ ያደረግኩሽ። ናርዲ፣ ዛሬ ምን ሆነሻል? ማን ምን አደረገሽ?

ናርዶስ፦ ሳቅህ።

ዳምጠው፦ እ?

ናርዶስ፦ ላይ፣ አፋፉ ላይ። ፎቶ እንዳነሣቸው ሚልካ ስልኳን ስትሰጠኝ እማዬ ምን አለች?

ዳምጠው፦ እኔ እንጃ፣ አላስታውስም።

ናርዶስ፦ "ኧረ ስልክ እንዳትሰጧት! በስልክ የተነሣ አባቷን ልትጨርስልኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሁላችንንም ሐይቁ ውስጥ ትከተናለች!" ሁሉም ሳቁ። አጎቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንተም ሳቅህ።

ዳምጠው፦ ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ ምን ላድርግ? ላልቅስ?

ናርዶስ፦ ሌላው ይሳቅ፣ አያውቅም። እማዬም ትሳቅ፣ አታውቅም። አንተ ግን ታውቃለህ!

ዳምጠው፦ ድምፅሽን ቀንሺ! ባለፈረሱ እዚያ ቆሟል።

ናርዶስ፦ ይስማ! ስልክህን አልነካሁም። ስልክህ ኪስህ ውስጥ ነበር። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የሳይንስ የቤት ሥራዬን ስሠራ ነበር።

ዳምጠው፦ ናርዶስ...

ናርዶስ፦ "አምስት ደቂቃ" ብለህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ግሮሰሪው ደጅ መኪና ውስጥ አስቀመጥከኝ። ኳስ የምታይ መስሎኝ ነበር። ስትወጣ ቁልፉ ሦስት ጊዜ ከእጅህ ወደቀ። "አባዬ፣ ለአጎቴ እንደውልለትና እሱ ይውሰደን" ስልህ "ምን አገባሽ!" አልከኝ። ከዚያ ድልድዩ ጋ የቆመ የጭነት መኪና ሥር ይዘኸን ገባህ።

ዳምጠው፦ በቃሽ! እኔስ አልተጎዳሁም? ግንባሬን አታዪውም? እስከ ዛሬ ሲበርድ ይጠዘጥዘኛል።

ናርዶስ፦ ግንባርህን ያየ ሰው ሁሉ "ልጁን ሊያድን ብሎ ነው" ይልሃል። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያመሰግንህ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ "አይደለም" ብለህ ታውቃለህ?

ዳምጠው፦ እኔ ጀግና ነኝ አላልኩም።

ናርዶስ፦ ዝም አልክ። ሆስፒታል ግን ዝም አላልክም። እግሬ ተጠቅልሎ ተኝቼ፣ እማዬ ገና ሳትደርስ፣ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብለህ ምን አልከኝ? "ናርዲዬ፣ ስልኬን ልትቀሚኝ ስትይ ነው እንበላት። አንቺ ልጅ ነሽ፣ አትጣላሽም።" አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ አባዬ!

ዳምጠው፦ ትታን ትሄድ ነበራ! እናትሽን፣ ምንትዋብን፣ አታውቂያትም? ከዚያ በፊት በመጠጤ የተነሣ አንቺን ይዛ አጎትሽ ቤት ገብታ አምስት ወር አልከረመችም? በስንት ሽማግሌ፣ በስንት ልመና ነው የመለስኳት! "ዳግመኛ መጠጥ ከሸተትከኝ አታየኝም" ብላ ማለች። ምን ላድርግ? ቤቴን በገዛ እጄ ላፍርስ?

ናርዶስ፦ አውቃለሁ። እኔም ዝም ያልኩት ለዚሁ ነው። አጎቴ ቤት ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ አንጥፈን ነበር የምንተኛው፤ ሰው ሽንት ቤት ሲሄድ እግራችንን እየረገጠ ያልፋል። እዚያ መመለስ ፈርቼ ነው።

ዳምጠው፦ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ጠብታ በአፌ ዞራ አታውቅም። ይሄንንም ታውቂያለሽ።

ናርዶስ፦ አውቃለሁ። ባላውቅ ኖሮ ሦስት ዓመት እችለው ነበር?

ዳምጠው፦ ታዲያ ምን ቀረ? እኔ ተውኩ፣ ቤታችን ሰላም ሆነ፣ አንቺም ዳንሽ...

ናርዶስ፦ እኔ የት ዳንኩ? ከክፍላችን ስልክ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱስ ይሁን። መኪና በገባሁ ቁጥር እማዬ "እጅሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ" ትለኛለች፤ እሱም ይሁን። ንስሐ አባታችን ጋ ወስዳኝ ምን እንዳለች ታውቃለህ?

ዳምጠው፦ ተይው አሁን...

ናርዶስ፦ "አባቷን ልትገድል ነበር፤ ይምከሩልኝ" አለቻቸው። ስግደት ሊያዙኝ ብለው እግሬን ሲያዩ "ይቅርብሽ፣ ውዳሴ ማርያም ድገሚ" አሉኝ። ያላጠፋሁትን ጥፋት ተናዘዝኩ! እግዚአብሔር ፊት ዋሸሁልህ! አንተ ደጅ ቆመህ ጫማችንን ትጠብቅ ነበር።

ዳምጠው፦ የዚያን ዕለት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ናርዶስ፦ በኔስ ዞሮ ነበር?

ዳምጠው፦ እሺ። እሺ፣ እነግራታለሁ። ቤት ስንገባ፣ ተረጋግተን፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን እነግራታለሁ።

ናርዶስ፦ ቤት ስንገባ "ነገ" ትላለህ። ነገ ደግሞ "እናትሽን ራሷን አሟታል" ትላለህ።

ዳምጠው፦ እንዴት አድርጌ ዘመድ መሀል እናገራለሁ? አጎትሽ ፊት? ያ ሰውዬ እንደሆነ ያኔም እህቱን አትመለሺ ሲላት የነበረ ነው። እንዲህ ተሰብስበን ከወጣን ስንት ጊዜያችን ነው? የሁሉንም ቀን ላበላሽ?

ናርዶስ፦ የኔው ዘመድ መሀል ተነግሮ ተሳቀበት። የማንም ቀን አልተበላሸም።

ዳምጠው፦ ብትሄድብኝስ?

ናርዶስ፦ አላውቅም።

ዳምጠው፦ ብትሄድብኝስ እልሻለሁ! አንቺንም ይዛ! ያኔ ደስ ይልሻል?

ናርዶስ፦ ምን ደስ ይለኛል? እወድሃለሁ እኮ! የሚያናድደኝም እሱ ነው! ብጠላህማ ያኔውኑ፣ አልጋው ላይ እያለሁ እነግራት ነበር።

ዳምጠው፦ አታልቅሺ። በማርያም፣ አታልቅሺብኝ።

ናርዶስ፦ አላለቀስኩም። ተናድጄ ነው... እማዬ እየመጣች ነው።

ዳምጠው፦ የት?

ናርዶስ፦ ታች፣ መታጠፊያው ጋ። ነጠላዋ ይታያል።

ዳምጠው፦ ብቻዋን ናት?

ናርዶስ፦ ብቻዋን ናት። እኛን ፍለጋ ያንን ሁሉ ዳገት ትወጣለች።

ዳምጠው፦ ናርዲ፣ እግርሽ ሥር ልውደቅ... ዛሬን ብቻ። ዛሬን ብቻ ማሪኝ።

ናርዶስ፦ እኔ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ስትደርስ "ምን ሆናችሁ ነው?" ብላ ትጠይቃለች። መልሱ ያንተ ነው።

ዳምጠው፦ ምንትዋብ! ምንም አልሆንን! ናርዶስን እግሯን ትንሽ አሟት ነው! አሁን እንወርዳለን!

ናርዶስ፦ እሺ፣ አባዬ። አሁን ገባኝ። መንገዱን ልቀቅልኝ።

ዳምጠው፦ ናርዲ፣ ቆዪ። ብቻሽን አትውረጂ... ቆዪ እላለሁ! አቤት፣ ምንትዋብ? ነይ፣ ይሄ ድንጋይ ላይ አረፍ በይ፤ ትንፋሽሽ ይመለስ። አይ፣ እግሯን አላመማትም፤ ዋሽቼሽ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ነው የዋሸሁሽ። የዚያን ቀን ልጄ ምንም አልነካችም፤ መኪናውን የነዳሁት ሰክሬ ነው።