የስህን የስፌት መኪና

በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዝናቡ ለጥቂት ሰዓት ፋታ በሰጠበት ማክሰኞ ረፋድ፣ ጋሼ ዝናው ከሐይቅ ከተማ ወደ ሐይቁ ዳር በሚያወርደው መንገድ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ እየተከሉ ይሄዱ ነበር። በኮታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ደብዳቤ ይዘዋል። ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ፈርመው፣ ማኅተሙንም ራሳቸው መትተው ሲያበቁ ማድረሱን ለሌላ ሰው መተው አልሆነላቸውም። ሠላሳ አራት ዓመት ትምህርት ቤት ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ክፉውንም ደጉንም በገዛ እጃቸው ካላደረሱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ደብዳቤው መስኡዳ የምትባለውን ልብስ ሰፊ ከሥራ የሚያሰናብት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለውጥ መጣ በተባለበት በ2010 ዓ.ም. ጋሼ ዝናው በጡረታ ቤት መዋል ሰለቻቸውና ሥራ ያጡ ሴቶችን አሰባስበው የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ማኅበር አቋቋሙ። አዳራሽ ተከራዩ፣ አሥራ ሁለት የስፌት መኪና ደረደሩ፣ በሩ ላይ የአሮጌ አይሱዙ ቸርኬ ለደወል ሰቀሉ። ቸርኬው ልክ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይደወላል፤ ከዚያ አምስት ደቂቃ ያሳለፈች ስሟ መዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይጻፋል፤ በአንድ ወር ሦስት ቀይ የሞላባት ትሰናበታለች። ደንቡ የጸደቀው በሁሉም ድምፅ ነው፤ በተለይ በጋሼ ዝናው ድምፅ። መስኡዳን በኮሌታ ሥራ የሚያህላት አልነበረም። ግን ባሏ ሀሚዱ በጦርነቱ እግሩን ተመቶ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ እሱን አጥባ፣ ቁስሉን ጠርጋ፣ አብልታ ስትደርስ ሁለት ሰዓት ያልፋል። በሰኔ ወር ሦስቱ ቀይ ሞላባት።

ጉብታው ላይ ካለችው ሾላ ሥር ሲደርሱ ኢንሳፍን አገኟት። የሟቹ ጓደኛቸው የመምህር ኡበይድ ልጅ ናት፤ አራተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ላፕቶፕዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ስልኳን ከፍ ዝቅ እያደረገች ኔትወርክ ትፈልጋለች።

«ኖር ጋሼ። እንዴት አደሩ?» ብላ ብድግ አለች።

«በእግዜር፣ ተቀመጪ የኔ ልጅ። አንቺስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ጋሼ ዝናው ሰዓታቸውን አዩ። አራት ከሩብ ይላል። «ሥራ ለቀቅሽ እንዴ? በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ዛፍ ሥር የተቀመጠ ደመወዝተኛ አይቼ አላውቅም።»

ኢንሳፍ ሳቀች። «አልለቀቅሁም ጋሼ። የዛሬውን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጀምሬ እናቴ ሳትነሣ ጨረስኩት። መላኩ ነው የቀረኝ፤ ቤት ኔትወርክ የለም።»

«ለማን ነው የምትልኪው?»

«አዲስ አበባ ላለው መሥሪያ ቤቴ። እኔ የጤና ማስተማሪያ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ጅማ ያለችው ባልደረባዬ ደግሞ ልጆቿን ትምህርት ቤት ስትሸኝ ታርመዋለች። አለቃችን ሲመቸው ያየዋል። ሦስታችን በአንድ ሰዓት ተቀምጠን ሠርተን አናውቅም። ያልገባው ሰው ጥያቄውን ጽፎ ይተዋል፤ ባለቤቱ ሲመጣ መልሱን ጽፎ ያልፋል።»

«እና አለቃሽ መሥራትሽን በምን ያውቃል?»

«ሥራውን ያየዋላ። ሐሙስ ይድረስ ካለ ሐሙስ ይደርሳል። ስንት ሰዓት ተቀመጥሽ ብሎኝ አያውቅም።»

ጋሼ ዝናው ጃንጥላቸውን ተክለው ደገፍ አሉ። ክርክር ሊጀምሩ ሲሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ የድሮ ተማሪዎቻቸው ሁሉ ያውቁታል። የመስኡዳን ነገር፣ የያዙትንም ደብዳቤ ነገሯትና፣ «እኔ ልንገርሽ፣ ሰው ካላዩት አይሠራም። ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ» አሉ።

«ሲያዩትስ ይሠራል ወይ ጋሼ? አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከደወሉ ቀድመው ፈርመው ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፉ መምህራን ነበሩ እያለ ያስቀን ነበር።»

ጋሼ ዝናው ሳቃቸውን ዋጡት። ከነዚያ አንዱ ራሱ ኡበይድ ነበር፤ ይህን ግን ለልጁ አልነገሯትም።

«እሺ፣ ያንቺስ የወረቀት ሥራ ነው። እጅጌው እዚያ፣ ኮሌታው እዚህ ሲሰፋ ማን ያገጣጥመዋል?»

«ጨርቁ አዳራሽ ይቆረጥ፤ እሱ የግድ አብሮ መሆን ይፈልጋል። ኮሌታዋን ግን መስኡዳ ባሏ አጠገብ ብትሰፋው ምን ይጎድላል? ጥቅሉ ላይ ልኩንና ቁጥሩን የያዘ ወረቀት ይሰካ። እሷም ያጠራጠራትን እዚያው ላይ ትጻፍ። ማንም ማንንም ሳይጠብቅ ሥራው ይሄዳል።»

«ቤት ውስጥ ምድጃው ይጠራታል፣ ልጁ ይጠራታል፣ ጎረቤቱ ይጠራታል።»

«እሱስ እውነት ነው፤ እኔም ተቸግሬበታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ስልኬ በጮኸ ቁጥር እየተነሣሁ ምሳዬን እንኳ ተረጋግቼ አልበላም ነበር። በኋላ ተነጋግረን ወሰን አበጀንለት። ከመግሪብ ሶላት በኋላ የመጣ መልእክት እስከ ጠዋት ይቆያል። ሥራው ይህን ያህል ነው፣ ቀኑም ይህ ነው ተብሎ ካልተቆረጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው።»

ጋሼ ዝናው የተከሉትን ጃንጥላ ነቀሉ። ቀጥሎ የተናገሩት ግን ስለ ደንብ አልነበረም።

«ከጦርነቱ በፊት አንቺ ደሴ ነበርሽ፤ አላየሽውም። አሥራ ሁለቱ መኪና አንድ ላይ ሲነሣ አዳራሹ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሰፊዎቹ ተሾመች የምትባለው በአምባሰል ዜማ ትጀምራለች፣ የቀሩት ይቀበሏታል። ባለቤቴ ስህን መስኮቱ ጋ ተቀምጣ አንገቷን ትነቀንቃለች። እኔ መዝገቤን ይዤ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ሁሉንም በየቤቱ ከበተንኩት ምን ይቀረኛል?»

እውነተኛው ነገር ይህ ነበር። ቸርኬውም፣ ቀይ እስክሪብቶውም ያን ድምፅ የሚመልሱላቸው መስሏቸው ነበር። ኢንሳፍም ይህ ገብቷት አንገቷን ደፋች።

«እኔም ደሴ ቢሮ ሳለሁ የነበረው ሳቅ ይናፍቀኛል» አለች። «ግን ጋሼ፣ መስኡዳ ከተሰናበተች በኋላስ ዜማው ይሞላል? በሳምንት አንድ ቀን ሁሉም ይምጡ። ያን ቀን ይቁረጡ፣ ይረካከቡ፣ ይዝፈኑ። የቀረውን ቀን ለየራሳቸው ይተዉላቸው።»

ሥራዋ ሲላክላት አብረው ወረዱ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ደን ማዶ ጠቆር ብሎ ይታያል። ዳር ላይ ዓሣ አጥማጁ ሙላት መረቡን ያጥባል።

«ባድሩ የት አለ?» ሲሉ ጋሼ ዝናው ስለ ሽርካው ጠየቁት።

«ምን አውቄ ጋሼ። ካየሁት አራት ቀኔ። እሱ ወደ ማታ ጥሎ ይሄዳል፣ እኔ ጎሕ ሲቀድ አነሣለሁ።»

«ታዲያ የት እንደጣለው በምን ታውቃለህ?»

ሙላት የታንኳውን ጫፍ አሳያቸው። ሁለት ቦታ የተቋጠረ የደንገል ገመድ ታስሮበታል። «አንድ ቋጠሮ ከሆነ በገዳሙ በኩል ነው፣ ሁለት ከሆነ በሸንበቆው በኩል። መረቡ ከተቀደደ ቅጠል ይሰካልኛል። እሁድ እኔ ቅዳሴ ስሄድ እሱ ያነሣል፤ በረመዳን እሱ ሊያፈጥር ሲገባ እኔ እጥላለሁ። አባቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ።»

ጋሼ ዝናው ከዚህ ሐይቅ የወጣ ዓሣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በልተዋል። አጥማጁ ስንት ሰዓት እንደ ገባ ጠይቀው አያውቁም።

ጥቂት እንደ ሄዱ ኢንሳፍ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ካላስከፋሁዎት አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «በጦርነቱ አዳራሹ ተሰብሮ አሥራ አንዱ መኪና ሲዘረፍ የእትዬ ስህን ብቻ እንዴት ተረፈች?»

ለጠየቃቸው ሁሉ «የግሸን ማርያም ሥራ ነው» ይሉ ነበር። አሁንም ይህንኑ ሊሉ ጀመሩና ተዉት። መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አዳራሽ አልነበረችማ» አሉ። «በመስከረም ስህን ታመመች። ጠዋት ጠዋት መነሣት አቃታት። ቤት ልስፋና ማታ ላስረክብህ አለችኝ። ለሚስቴ ብዬ ደንብ ላፍርስ? አልኳት። ሁለት ቀን ቀይ ጻፍኩባት፤ በዚህ እጄ። ሦስተኛው ሳይመጣ ተሸካሚ ቀጥራ መኪናዋን ቤት አስወሰደቻት። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። እሷ ግን አልጋዋ አጠገብ ትሰፋለች፣ አንድ ቀን ሳታሳልፍ ታስረክባለች። ጥቅምት ላይ ከተማውን ጥለን ስንወጣ የመኪናዋን ራስ ፈትታ በጋቢ ጠቀለለቻትና አህያ ላይ ጫነቻት። አምባሰል ወንድሟ ቤት ከረምን። ስንመለስ አዳራሹ ባዶ ነው።»

የቀረውን ኢንሳፍም ታውቀዋለች። ስህን በዚያች አንድ መኪና ከስደት ለተመለሰው ሰው ልብስ እየጠገነች ማኅበሩን ዳግም አስጀመረችው፤ መጋቢት ላይ ዐረፈች። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ ስድስት መኪና ሲያገኝ የጋሼ ዝናው የመጀመሪያ ሥራ ቸርኬውን መልሶ መስቀል ነበር። የስህን መኪና መስኮቱ ጋ ጨርቅ ለብሳ ተቀመጠች።

«ደንቤን ባትጥስ ኖሮ ዛሬ ማኅበር የሚባል አልነበረም» አሉ። «ይህን ለሰው ለመናገር አፈርኩ። ለሷም ሳልነግራት ሄደች።»

ኢንሳፍ እጃቸውን ይዛ አስነሣቻቸው።

ቤቷ ሲደርሱ መስኡዳ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ኮሌታ በእጇ ትሰፋለች። ባሏ ሀሚዱ ከውስጥ አልጋው ላይ እግሩን ዘርግቷል። ጋሼን ስታይ ተነሣች።

«ለደብዳቤው ነው አይደል ጋሼ? ሰምቻለሁ። ይሄን ጥቅል ብቻ ልጨርስልዎት፤ ሳልጨርስ መተው ደስ አላለኝም።»

ጋሼ ዝናው ደብዳቤውን አወጡ፣ ገለበጡት፣ ከኢንሳፍ እስክሪብቶ ተቀበሉና በጀርባው ጻፉ፦ መስኡዳ በሳምንት ስልሳ ኮሌታ፣ ርክክብ ቅዳሜ፤ ሰዓቱን ራሷ ትመርጣለች። ከዚያ ጮክ ብለው አነበቡላት።

«መኪና የለኝም እኮ ጋሼ።»

«ነገ ትመጣልሻለች። የስህን ናት። ብርሃን ትወዳለች፤ መስኮቱ ጋ አድርጊያት።»

ሀሚዱ ከአልጋው ላይ፣ «አላህ ዕድሜ ይስጥዎት ጋሼ» አለ። መስኡዳ ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ጋሼ ዝናው ነገር ሲቀበሉ በግማሽ አይቀበሉም። በሳምንቱ ደንቡ ለሁሉም ተለወጠ፤ ሁሉም አንድ ላይ አዳራሽ የሚመጡት ቅዳሜ ብቻ ሆነ። ከአምባሰል በኩል በእግር የምትመጣው ተሾመች የእጅ ስፌቱን ቤቷ ስለያዘች በሳምንት አምስት ቀን የምትፈጀው መንገድ ወደ ስፌት ገባላት። አዳራሽ የቀሩት ስድስት መኪናዎች ጠዋት አንዷን፣ ከሰዓት ሌላዋን እያስተናገዱ ለአሥራ አንድ ሴት በቁ፤ በማርፈድ ተባርረው የነበሩ ሦስት ሰዎችም ተመለሱ። ድሮ በጩኸት ይጠፋ የነበረው ልክ ወረቀት ላይ ስለሰፈረ ተፈትቶ የሚሰፋ ልብስ ቀነሰ። ዑምኩልሱም ብቻ፣ «እኔ ቤት አይሆንልኝም፣ እንቅልፍ ይጥለኛል» አለች፤ ቦታዋ ተከበረላት፣ በየጠዋቱ አዳራሽ ትመጣለች። የመስከረሙ ዩኒፎርም ለመጀመሪያ ጊዜ ጳጉሜ ሳይገባ አለቀ፤ አሠሪውም ሠራተኛዋም ዐውደ ዓመቱን ያለ ሩጫ ተቀበሉት።

ከበዓሉ በኋላ በመጣው የርክክብ ጠዋት ጋሼ ዝናው ብቻቸውን ቀድመው ገቡ። የዘረፋው ቀን ማንም ያልፈለገውን የድሮውን መዝገብ አወጡና የመስከረም 2014ን ገጽ ገለጡ። ስህን፣ ቀይ። ስህን፣ ቀይ። ለረጅም ጊዜ አዩት። በቀዩ ላይ አልሰረዙም፤ የጻፉትን የሚሰርዙ ሰው አይደሉም። ከጎኑ ግን በሰማያዊ፣ በዚያ በተጠነቀቀ የአስተማሪ ጽሕፈታቸው፣ «ሥራዋን በቀኑ አስረክባለች» ብለው ጻፉና ፈረሙበት።

ከዚያ መዝገቡን ዘግተው ቸርኬውን ሊደውሉ ወጡ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ሴቶቹ እየመጡ ነው።