የአቶ ሀዲዱ ከሳሽ

ጎበዝ፣ ወንበር ያጣችሁ ተጠጋጉ። ጋሽ ሀብተሚካኤል፣ ዛሬ ጥበቃውን ይተዉትና ወደ ፊት ይምጡ። የማወራው ስለ እርስዎም ስለሆነ በጆሮዎ ቢሰሙት ይሻላል።

እትዬ ዳሲቱ፣ የሽኝትዎ ንግግር ለእኔ እንደደረሰኝ ሲሰሙ «ፀሐዩ፣ አሳጥረው፤ ደግሞ እንዳታስለቅሰኝ» ብለውኛል። ማሳጠሩን እሞክራለሁ። ለማንኛውም ከሚያስቀው ልጀምር።

ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ቢሯችን ያኔ ከአቃቂ ገበያ ጀርባ ሁለት ክፍል ነበረች። በቤታቸው የተደበደቡ፣ በመንገድ የተጠቁ ሴቶች ይመጣሉ፤ እኛ ሐኪም ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት አብረናቸው እንቆማለን። «ሰኞ አዲስ ጉዳይ ተከታታይ ሠራተኛ ትመጣላችኋለች» ተብለን እየጠበቅን ነበር። ሰኞ ጠዋት አንዲት ሴትዮ ክንዳቸውን በሻሽ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ቀሚሳቸው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ፣ እያነከሱ በሩ ላይ ደረሱ። ጋሽ ሀብተሚካኤል ከጥበቃ ወንበራቸው ዘለው ተነሱ።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ እናቴ?»

«ሀዲዱ ነው።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«የት ይሄዳል፣ እዚያው ጣቢያው አጠገብ ተጋድሟል።»

ሰክሯል ማለት ነው፤ ለጋሽ ሀብተሚካኤል ነገሩ ወለል ብሎ ታያቸው። «ብዙ ዘመን አብራችሁ ኖራችኋል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ተወልጄ ያደግሁት አጠገቡ ነው።»

ጋሽ ሀብተሚካኤል ሴትዮዋን አግዳሚው ላይ አስቀምጠው ወደ እኔ ሮጡ። አቶ ሀዲዱ የሚባል ሰካራም ሚስቱን ሰብሮ ጣቢያው ጋ ተኝቷልና ፖሊስ ይጠራልን አሉኝ። እኔም አዲስ ምሩቅ ነኝ፣ ሥራ ርቦኛል። ተከሳሽ አቶ ሀዲዱ ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ ወደ አግዳሚው ወጣሁና የአባቱን ስም ጠየቅኋቸው። ሴትዮዋ ትንሽ አዩኝ፤ ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉና «የአባቱን ስም እንኳ ያመጡትን ፈረንሳዮች ብትጠይቅ ይሻላል» አሉኝ።

ለካ አዲሷ ባልደረባችን እትዬ ዳሲቱ እሳቸው ናቸው፤ የባቡር ሀዲድ አደናቅፏቸው ወድቀው ነው። ጋሽ ሀብተሚካኤል፣ ይሳቁ እንጂ! እርስዎ እኮ ነዎት ባል የሰጧቸው።

ያን ቀን ሁላችንም ስንስቅ እትዬ ዳሲቱ ግን አልሳቁም ነበር። «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ተቀምጬ ማን መታሽ፣ የት ነው ያለው፣ የማን ልጅ ነው አላችሁኝ። ውሃ ልስጥሽ ያለኝ ግን የለም» አሉን። በማግስቱ በደህናው እጃቸው አንድ ጀሪካን ውሃና ኩባያ ይዘው ገቡ። ጀሪካኑ ስንቴ ተቀይሯል፤ ቦታው ግን ዛሬም አግዳሚው ሥር ነው።

እንግዲህ አብረን የኖርነውን ጠባያቸውን ታውቁታላችሁ። እትዬ ዳሲቱ ማንሾካሾክ የሚባል ነገር አያውቁም። ስልክ ሲያወሩ ስልኩ ለምን እንዳስፈለጋቸው አይገባንም፤ ያለ ስልክም አቃቂ ድልድይ ድረስ ይሰማል። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ድምፅ የአንዲት ባለጉዳይ ስም ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። «የእኔ ድምፅ ይውጣ፣ የሰው ስም አይውጣ» ይሉናል። ሕጋችን ሆኖ ቀርቷል።

ያ ቦርሳቸውስ? የሕፃን ብስኩት፣ መርፌ ቁልፍ፣ ትርፍ ነጠላ፣ አንዴ እንኳ አንድ እግር የሕፃን ጫማ አይቼበታለሁ። የፍርድ ቤቱ ፈታሽ መክፈት ከጀመረ ከኋላችን ያለው ሰልፍ አስፋልት ይደርሳል። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ባልና ሚስቱ መሃል ይገቡና ቦርሳውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ባልየውን «ቦርሳዬ ሰፊ ነው፣ ራቅ በል ልጄ» ይሉታል። ዐይኑን አጉረጥርጦ ሊያስፈራራት የመጣ ሁሉ የሚያየው ያንን ቦርሳ ብቻ ነው።

ሽማግሌዎች ሲመጡ ደግሞ አይታችኋቸዋል። ልጅቷ ታርቃ ወደ ቤቷ ትመለስ ይላሉ። እትዬ ዳሲቱ ከመቀመጫቸው ተነስተው ወንበር ይለቃሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ከዚያ በትሕትና «እርቅን የመሰለ ነገር የለም አባቶቼ። ዳግመኛ ቢመታት ግን የማንን በር ታንኳኳ? የእርስዎን ነው? ወይስ የእርስዎን?» ይላሉ። አንዱን ሳል ይይዛቸዋል፣ ሌላኛው ቀጠሮ ትዝ ይላቸዋል። ደግነቱ «የእኔን በር ታንኳኳ» ያሉም አሉ፤ እነሱን ጉልበት ስመው ነው የሸኟቸው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ያቺ የአቶ ሀዲዱ ነገር ከእኛ ጋር ኖረች። አንዲት ሴት ፊቷ አብጦ መጥታ «ወድቄ ነው» ወይም «በር መትቶኝ ነው» ስትል እርስ በርሳችን «አቶ ሀዲዱ ነው» እንባባል ነበር። በቀልድ የጀመርናት ቃል እየቆየች ታሳዝነን ጀመር። ባል የመታት ሴት የእውነትም ሀዲዱን ትጠራ ነበርና፤ በአቃቂ ሀዲድ ማማኻኘት ቀላል ነው።

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ ለጠያቂዎች ብርቱካን የምትሸጥ አንዲት ወጣት ነበረች። ጎረቤቷ እየጎተተች አመጣቻት። አንገቷን በሻርፕ ጥብቅ አድርጋ ጠቅልላዋለች። ምን ሆንሽ ስንላት «ሀዲዱ አደናቅፎኝ ነው» አለች። እትዬ ዳሲቱ አጠገቧ ተቀምጠው ውሃ ሰጧት። ድምፃቸው ዝቅ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እኔንም ጥሎኝ ያውቃል ልጄ። ጉልበቴን ላጠኝ፣ ክንዴን ሰበረኝ። ሀዲዱ ግን አንገት አያንቅም።»

ልጅቷ ውሃዋን ጠጥታ ሄደች። እኔ በቃ አትመለስም፣ አንድ ቀን ሞቷን ነው የምንሰማው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። እትዬ ዳሲቱ ኩባያውን አንስተው አሳዩኝና «ጨርሳ ነው የጠጣችው፤ ትመለሳለች» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ በየመጠየቂያ ቀኑ ማረሚያ ቤቱ በር ድረስ እየሄዱ ብርቱካን ይገዙ ጀመር። ደህና ነሽ ወይ ይሏታል፣ ደህና ነኝ ትላለች፣ ይመለሳሉ፤ ሌላ ነገር ጠይቀዋት አያውቁም። ያን ዓመት በዚህ ቢሮ ብርቱካን ያልሰለቸው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ልጇን አዝላ፣ ዝናብ መትቷት መጣች። እኔን አልፋ ቀጥታ እሳቸው ፊት ቆመች።

«ሀዲዱ አይደለም» አለች።

እነዚያን ሁለት ቃላት ለማውጣት ስንት ወር እንደፈጀባት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛው አንገቷን ማን እንዳነቃት ሲጠይቋት ወደ ኋላ ዞራ እትዬ ዳሲቱን አየቻቸው፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉላት። የባሏን ስም ከነአባቱ ተናገረች። ተፈረደበት፣ እሷም ልጇን ይዛ ቤቷ ቀረች።

እትዬ ዳሲቱ፣ ስንቱ ነው «የሰው ገመና ምን አገባችሁ» ያለን? እርስዎ «ገመና ብላችሁ የምትሸፍኑት የተመታችውን ነው የመታውን?» ይሉት ነበር። ሰፈር ውስጥ የት ነው የምትሠራው ስባል ዱሮ ድምፄን ቀነስ አድርጌ ነበር የምናገረው። ዛሬ ጮክ ብዬ ነው የምናገረው፤ ከእርስዎ ጋር መሥራቴ ያኮራኛል። ይህን የምለው ለሽኝት ወግ አይደለም፤ እውነቴን ነው። እናመሰግንዎታለን።

እንግዲህ ጡረታዎ የሰላም ይሁን፤ ዕድሜና ጤናውን ከነጉልበቱ ይስጥዎ። አሮጌው ሀዲድ ሣር በቅሎበት ተኝቷል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ቃሊቲ ድረስ መጥቶልዎታል፤ እባክዎን በማቋረጫው ይሻገሩ፣ ሁለተኛ ክስ መክፈት አንችልም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የባለጉዳይ ስም አይወጣም ባሉት ሕግ ያቺን ልጅ እስካሁን በስሟ አልጠራኋትም። ትናንት ግን መጥታ «ጋሽ ፀሐዩ፣ ስሜን ጥራው» አለችኝ። «እሱን ለመሸፈን የሀዲዱን ስም ጠርቻለሁ። እሳቸውን ለማመስገን የራሴ ይጠራ።»

ሰኪና ትባላለች። ያቺ ከበሩ አጠገብ ልጇን ይዛ የተቀመጠችው ናት። ነይ ሰኪና፣ ያንን ኩባያ ይዘሽ ነይ።

ቢራውም፣ ለስላሳውም ይቆየንና የመጀመሪያውን ከጀሪካኑ እንጠጣ። ሁላችሁም ተነሱ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። በዚያ ሰኞ ማናችንም አላልንዎትም። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ሁላችንም ቆመን እንልዎታለን።

እትዬ ዳሲቱ፣ ውሃ እንስጥዎ?