የጋሽ ውሃልክ ጉልበት

ማክሰኞ ጠዋት፣ ልክ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ወለል ማስተካከል ስለሚያውቁበት ሠፈርተኛው «ጋሽ ውሃልክ» የሚላቸው ሴራሚክ አንጣፊ፣ የሱሪያቸውን የቀኝ እግር ጠቅልለው ደረጃው ሥር ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ፎቅ ላይ ታመው ተኝተዋል። ጋሽ ውሃልክ በጉልበታቸው ሕመም ደረጃውን ከወጡ ወር አልፏቸዋል፤ ባልና ሚስት የሚያወሩት እየተጣሩ ነው።

የእህታቸው ልጅ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። በሽተኛዋን ልትጠይቅ ስትገባ ያበጠውን ጉልበት አየች።

«ጋሼ፣ ምን ሊደረግ ነው?»

«ወጌሻው አሁን ይመጣል። ስቦ ቦታው ይመልሰዋል።»

«መቼ ከቦታው ወጣና? በራጅ አየነው እኮ። የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ ነው የሳሳው። ቢጎትቱት ያብሳል እንጂ አይመለስም።»

«ያለቀ ሴራሚክ ላይ ስትመላለሺበት ይብሱን ያልቃል። ለዚህ ነው ያሳረፍኩት!»

ስህተታቸው ይኸው ነበር፤ የሥራቸውን ሕግ ለገዛ ሥጋቸው አወጡለት።

«ከሥሩ ሲሚንቶ ያልያዘው ሴራሚክ ምን ይሆናል?» አለች ልጅቷ።

«ይሰነጠቃላ!»

«የጉልበት ሲሚንቶው የጭን ጡንቻ ነው። እርስዎ በመቀመጥ አመነመኑት፤ ሸክሙ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ወደቀ።»

ከላይ የደከመ ድምፅ ተሰማ። «ጭቅጭቁን ተዉና አንዳችሁ ወደ ላይ ውጡ!»

የጋሽ ውሃልክ ፊት ጠቆረ። «ትሰሚያታለሽ? ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ የላትም ብለውኛል። ካልተሳበ በምኔ ልድረስላት?»

በዚህ መሀል ወጌሻው ቅባቱን ይዞ ገባ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ ቁርጭምጭሚታቸውን ጨበጠ።

«እባክዎ ይተዉት!» አለች።

«እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም።»

«ጋሼ፣ ከዘራውን በየትኛው እጅዎ ነው የሚይዙት?»

«በሚያመኝ በኩል ነዋ!»

«በደህናው በኩል፣ በግራዎ ይያዙት፤ በቀኝዎ የደረጃውን መደገፊያ። ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ የታመመው። አንዴ ብቻ ይሞክሩት። እኔ ከኋላዎ ነኝ።»

ወጌሻው እግሩን አልለቀቀም። እሳቸው ደረጃውን ሽቅብ አዩና «እስቲ ልቀቀኝ» አሉት።

መውጣት ጀመሩ። መሀል ላይ ላብ አጠመቃቸው፣ ቆሙ። ከዚያ ደህናውን እግር አስቀድመው እስከ ላይ ዘለቁ።

«ማን ሞቶ ነው ዛሬ ብቅ ያልከው?» አሉ ባለቤታቸው፣ እንባቸውን እየዋጡ።

ልጅቷም ጋሽ ውሃልክን አልዋሸቻቸውም። «የሳሳው እንደ አዲስ አይሆንም፤ ሕመሙ ግን ይቀንሳል» አለቻቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እየዘረጉ ጡንቻውን እንዲያጠነክሩ፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እንዲራመዱ፣ ክብደት እንዲቀንሱ አስተማረቻቸው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ ማስታገሻ ጨጓራና ኩላሊት እንደሚጎዳም ነገረቻቸው። ጋሽ ውሃልክ እያጉረመረሙ ሠሩት። ሲውል ሲያድር እብጠቱ ጎደለ፣ እንቅልፋቸው ተመለሰ፤ ለባለቤታቸው ቁርስ ይዘው የሚወጡት ራሳቸው ሆኑ። ወጌሻውም ይህን አይቶ፣ ስብራት ያልሆነ የጉልበት ሕመም ሲመጣበት ወደ ልጅቷ መላክ ጀመረ።

ባለቤታቸው በዓመቱ አረፉ። ጋሽ ውሃልክ ከቤት እስከ መቃብር አስከሬኑን ተከትለው በእግራቸው ሄዱ፤ ከዘራው በግራ እጃቸው ነበር።